የስኮትላንድ ጎሣዎችና የቤተ ሰብ ስሞቻቸው፤ ስም ስለ ዘር ምን ያህል ይመሰክራል?

ከስኮትላንድ ተራራማ አገር የወጡ ሰዎች ተወላጆች ዛሬ በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራልያና በኒው ዚላንድ ተሰራጭተው ይኖራሉ። ማክዶናልድ፣ ካምቤል፣ ፍሬዘር ወይም ማክግሬጎር የሚል ስም ያለው ሰው ሁሉ በጥንት ዘመን የኖረ የአንድ ጀግና ተወላጅ እንደ ሆነ፣ ስሙም የደሙ ማስረጃ እንደ ሆነ አድርጎ መቍጠር በሕዝቡ ዘንድ የተለመደ ነው። የጥንቱን ሰነድ አንድ ባንድ ለሚመረምር ሰው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የስኮትላንድ ጎሣ ስለ ራሱ ሲናገር የአንድ አባት ልጆች ነን ይላል፤ በተግባር ግን በመሬት፣ በጥበቃና በታማኝነት የተሳሰረ ማኅበር ነበር። ስለዚህ የቤተ ሰብ ስም ብዙ ጊዜ የሚመሰክረው ሰውየው ከማን እንደ ተወለደ ሳይሆን አባቶቹ ለማን አድረው እንደ ነበረ ነው።

በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ የቃሉን ትርጕምና የጎሣዎቹን ልዩ ልዩ ምንጭ፣ ቀጥሎም የስም አወጣጡን ሥርዐትና ስም ከአለቃ ወደ ተከታይ የሚተላለፍበትን መንገድ እንመለከታለን። ከዚያ በኋላ ስሙ በሕግ የተከለከለውን የማክግሬጎርን ጎሣ ታሪክ በምሳሌነት እናቀርባለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ሀ. ስለ ቃሉና ስለ አገሩ

እንግሊዞች «ክላን» የሚሉት ቃል የተወሰደው ከስኮትላንድ የጌሊክ ቋንቋ ነው። በጌሊክ «ክላን» ማለት ልጆች ወይም ተወላጆች ማለት ነው። ቃሉ ግን በመሠረቱ የጌሊክ አይደለም። ቡቃያ ወይም ተክል የሚል ትርጕም ካለው «ፕላንታ» ከሚባለው የላቲን ቃል በጥንታዊው የአየርላንድ ቋንቋ በኩል የመጣ ነው። በዚያ ዘመን የአየርላንድ ተናጋሪዎች «ፕ» የሚለውን ድምፅ ስላልለመዱት በ«ክ» ለወጡት። የትውልድን ሐረግ ከተክል ጋር ማመሳሰል ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ «ሐረግ» የምንለው ራሱ የተክል ስም ነውና።

በዚህ ጽሑፍ «ክላን» የሚለውን «ጎሣ» ብለን ተርጕመነዋል። ነገር ግን አንባቢው በዚህ ቃል የስኮትላንድን ሕዝብ ሁሉ እንዳያስብ ያስፈልጋል። የጎሣ ሥርዐት ጸንቶ የቈየው በተለይ በሰሜኑና በምዕራቡ ተራራማ አገርና በባሕሩ ደሴቶች ነው። በደቡብ፣ በእንግሊዝ ወሰን አጠገብ የሚኖሩትም ትልልቅ ቤተ ሰቦች በአለቃ የሚመሩና ደም የሚመላለሱ ስለ ነበሩ በ1587 የስኮትላንድ ፓርላማ ባወጣው ሕግ ከተራራማው ሕዝብ ጋር አብረው ተቈጥረዋል። ይህ ሕግ የጎሣዎቹን ዝርዝር ሲያቀርብ አንድ ነገር አስተውሎ ጽፎአል፤ ይኸውም የጎሣ ሰዎች በብዙ ቦታ ከመሬታቸው ጌታ ፈቃድ ውጭ ለሌላ አለቃ የሚታዘዙ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ጎሣ ማለት በደም ብቻ የሚቈም አልነበረም፤ በመሬት ጌትነት ብቻ የሚቈምም አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለ ሌላ ማሰሪያ ነበረው።

ለ. የጎሣዎቹ ልዩ ልዩ ምንጭ

ዛሬ በአንድ ዓይነት ልብስና በአንድ ዓይነት ሙዚቃ የሚታወቁት ጎሣዎች በምንጫቸው አንድ አይደሉም። ቢያንስ አራት ወገን ሊለዩ ይችላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ከጌሎች የወጡ ናቸው። የጌሊክ ቋንቋ በሰሜን አየርላንድና በምዕራብ ስኮትላንድ መካከል በነበረው በዳል ሪያታ መንግሥት ሥር ተስፋፍቶ ነበር። ማክግሬጎርና ማክናብ ከዚህ ወገን ይቈጠራሉ።

ሁለተኞቹ የኖርዌይ ደም ያለባቸው ናቸው። ከ9ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሰሜን ባሕረተኞች በምዕራብ ደሴቶች ሰፍረው ነበር፤ ደሴቶቹም ለስኮትላንድ ንጉሥ የተላለፉት በ1266 በፐርዝ ውል ነው። በስካይ ደሴት በደንቬገን ግንብ የሚቀመጡት ማክላውዶች ስማቸውን ያገኙት በ13ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከልዮድ ነው፤ ልዮድም የኖርዌይ ስም ነው። ማክኦሌይ «የኦላፍ ልጅ»፣ ማክአይቨር «የኢቫር ልጅ» ማለት ሲሆን፣ ሁለቱም የጌሊክ «ማክ» ከኖርዌይ ስም ጋር ተጋብቶ የተገኙ ናቸው። የደሴቶቹ ኀያል ጌታ የነበረውና በ1164 በሬንፍሩ የሞተው ሶመርሌድም ስሙ ከኖርዌይ ቋንቋ የመጣ ነው። ከልጁ ከዱጋል ማክዱጋሎች፣ ከልጅ ልጁ ከዶናልድ ማክዶናልዶች ተጠርተዋል።

ሦስተኞቹ ኖርማኖችና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። በ12ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዴቪድ 1ኛ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ብዙ ባላባቶችን አስመጥቶ መሬት ሰጣቸው። የፍሬዘር፣ የሲንክሌር፣ የሜንዚስና የግራንት ስሞች ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ሲንክሌር «ቅዱስ ክሌር» ከሚባል የኖርማንዲ ቦታ፣ ግራንት ደግሞ «ትልቅ» ከሚል ቃል የተገኙ ናቸው። የሰሜኑ የመሪ ቤተ ሰብ ፍሬስኪን ከሚባል ሰው የወረደ ሲሆን፣ እርሱም ከፍላንደርስ የመጣ እንደ ሆነ ይታመናል። የስቱዋርት ነገሥታት አባት ዋልተር ደግሞ ከብሪታኒ የወጣ የባላባት ቤት ልጅ ነበረ። ስማቸው የመጣው ከሹመቱ ነው፤ «ስቱዋርድ» ማለት የቤተ መንግሥቱ መጋቢ ማለት ነውና። ከዚህ ቤት በ1371 ሮበርት 2ኛ ሲነግሥ የመጋቢው ስም የንጉሥ ስም ሆነ።

አራተኞቹ ከዝቅተኛው የስኮትላንድ ክፍል ወደ ተራራው የወጡ ናቸው። ጎርዶኖች የደቡብ ሰዎች ነበሩ፤ ከ1306 እስከ 1329 የነገሠው ሮበርት ብሩስ በሰሜን የስትራዝቦጊን አገር ስለ ሰጣቸው የሰሜን ባላባቶች ሆኑ። ቺዝሆልሞችም ከደቡብ ወሰን ወጥተው በጊዜ ብዛት ጌሊክ የሚናገር ጎሣ ሆነዋል።

ከዚህ የምንረዳው ጎሣ የሆነው ሁሉ ከጥንት ጌል የነበረ እንዳልሆነ ነው። ከየትም የመጣ ባላባት በተራራው አገር ከተቀመጠ፣ ቋንቋውን ከተቀበለና ሰዎችን ካስጠጋ በሁለት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ የጎሣ አለቃ ሊሆን ይችል ነበር።

ሐ. የስም አወጣጥ ሥርዐት

በቀድሞው ዘመን በተራራማው አገር የነበረው የስም ሥርዐት የኛን አገር ሥርዐት በጣም ይመስላል። ሰው በራሱ ስም፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራ ነበር። «ኢየን ማክ ዶናልድ ማክ አላስተር» ማለት የአላስተር ልጅ የዶናልድ ልጅ ኢየን ማለት ሲሆን፣ በሚቀጥለው ትውልድ አላስተር ይቀርና የኢየን ስም ወደ አባት ቦታ ይዛወራል። «ማክ» ወንድ ልጅ ማለት ነው። ለሴት ልጅ የሚነገረው «ኒክ» ነው፤ ስለዚህ የማክዶናልድ እኅት በጌሊክ ማክዶናልድ አትባልም። ያገባችም ሴት በጥንት የስኮትላንድ ሰነዶች ውስጥ የምትጠራው በአባቷ ቤት ስም እንጂ በባሏ ስም አልነበረም።

ከዚህም የበለጠ የሚያስደንቀው ከቅዱሳን ስም ጋር የተያያዘው አወጣጥ ነው። በጌሊክ «ጊል» ማለት ብላቴና ወይም አገልጋይ ማለት ነው። ስለዚህ ጊሊስ የሚለው ስም በቀጥታ «ገብረ ኢየሱስ»፣ ጊልክራይስት «ገብረ ክርስቶስ»፣ ጊልሞር «ገብረ ማርያም» ከሚሉት ስሞቻችን ጋር አንድ ነው። ማክሊን የሚለውም ሲተረጐም «የገብረ ዮሐንስ ልጅ» ይሆናል። ማልኮልም የሚለው የነገሥታት ስም ደግሞ ራሱን ተላጭቶ ለቅዱስ ኮሉምባ ያደረ ሰው ማለት ነው። ይህ ተመሳሳይነት አንዱ ሕዝብ ከሌላው የወሰደው አይደለም። ሁለቱም ሕዝቦች ክርስትናን ቀድመው የተቀበሉና በገዳማት ሥርዐት የተማሩ በመሆናቸው፣ የልጅን ስም ከቅዱስ ጠባቂው ጋር የማስተሳሰር አሳብ በየፊናው በቀለላቸው።

ሌሎች ስሞች የመጡት ከሥራና ከማዕርግ ነው። ማክኢንታየር የአናጢ ልጅ፣ ማክጎዋን የቀጥቃጭ ልጅ፣ ማክታጋርት የቄስ ልጅ፣ ማክናብ የአበ ምኔት ልጅ፣ ማክፈርሰን የደብር አለቃ ልጅ፣ ማኪንቶሽ የመሪ ልጅ ማለት ነው። ደዋር የሚለው ስም ከቅዱሳን የቀረ ንዋየ ቅድሳት ጠባቂ ለነበረ ቤተ ሰብ የተሰጠ ነው። አንዳንዶች ደግሞ ከመልክ የወጡ ቅጽል ስሞች ናቸው፤ ካምቤል «ጠማማ አፍ»፣ ካሜሮን «ጠማማ አፍንጫ» ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ስሞች ስድብ ቢመስሉም የታላላቅ ባላባቶች መጠሪያ ሆነው ቀርተዋል።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በአገሩ አናጢም፣ ቀጥቃጭም፣ ቄስም ብዙ ነበሩ። ስለዚህ የአናጢ ልጅ የሚል ስም በልዩ ልዩ ሸለቆ ውስጥ በየራሱ ሊወጣ ስለሚችል፣ ማክኢንታየሮች ሁሉ ከአንድ አናጢ ወረዱ ለማለት አይቻልም።

የማይለዋወጥ የቤተ ሰብ ስም የተስፋፋው መጀመሪያ በባላባቶችና በከተሞች ነው፤ ባላባቱ መሬቱን በጽሑፍ ለማውረስ፣ ነጋዴውም ውል ለመዋዋል ቋሚ ስም ያስፈልገው ነበር። ተራው ገበሬ ግን እስከ 17ኛውና እስከ 18ኛው መቶ ዓመት ድረስ በአባቱ ስም ብቻ ይጠራ ነበር። በሰሜን በሼትላንድ ደሴቶች ይህ ልማድ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ዘልቆአል። ልደትንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ ማስመዝገብ በስኮትላንድ ግዴታ የሆነው ከ1855 ጀምሮ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የቤተ ሰብ ስም በመዝገብ ጸና። እንዲህም ሆኖ በሉዊስ ደሴት በአንድ መንደር ውስጥ ማክላውድና ሞሪሰን የሚባሉት እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ፣ ሰው ለመለየት የአባትና የአያት ስም መቍጠር በመዝገቡ ስም አጠገብ መኖሩን አልተወም።

መ. የአለቃን ስም ስለ መያዝ

ተራው ገበሬ የራሱ የቤተ ሰብ ስም ካልነበረው፣ በኋላ ብዙ ሺሕ ሰው አንድ ስም ይዞ የተገኘው እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የጎሣን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ይገልጻል።

በዚያ ዘመን በተራራማው አገር የመንግሥት ኀይል ደካማ ነበር። ከብቱ የተዘረፈበትና ወንድሙ የተገደለበት ሰው ፍርድ የሚያገኘው ኀያል ጌታ ሲኖረው ነው። ስለዚህ ደካማው ወደ ኀያሉ ይጠጋል፤ ኀያሉም በሰው ብዛት ይከበራልና ተጠጊውን ይቀበላል። በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ይህ ስምምነት በጽሑፍ ይደረግ ነበር። «ማንሬንት» በሚባለው ውል ታናሹ በጦርነትና በፍርድ ቤት ጌታውን ለመከተል፣ ታላቁም ታናሹን ለመጠበቅ ይምላሉ። በ1985 የታተመው የጄኒ ዎርማልድ ጥናት ከ1442 እስከ 1603 የተጻፉትን እነዚህን ውሎች አሰባስቦ መርምሮአል። ውሉ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ ዝምድና በሌላቸው ሰዎች መካከል ሆኖ ሳለ፣ የሚጠቀምበት ቋንቋ ግን የዘመድ ቋንቋ ነው።

ከቃል ኪዳኑም ጋር ግብር ነበረ። «ካልፕ» በሚባለው ልማድ አንድ ሰው ሲሞት ቤተ ሰቡ ካሉት ከብቶች የተሻለውን ፈረስ ወይም ላም ለአለቃው ይሰጣል። ይህን የሚሰጥ ሰው ለዚያ አለቃ ያደረ መሆኑ ይታወቃል። ልማዱ በተራራማው አገር በፓርላማ ትእዛዝ የተሻረው በ1617 ነው። ልጅን በሌላ ሰው ቤት ማሳደግም ሌላ ማሰሪያ ነበረ። የአለቃው ልጅ በተከታዩ ቤት ስለሚያድግ፣ አብረው ያደጉት ልጆች ከሥጋ ወንድማማቾች ይልቅ ይፋቀራሉ እየተባለ ይነገር ነበር።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ የአለቃን ስም መያዝ ቀላልና ጠቃሚ ነገር ነበር። በሎቫት የፍሬዘሮች አገር የፍሬዘርን ስም ለተቀበለ ሰው አንድ ስፍር የአጃ ዱቄት ይሰጥ እንደ ነበረ በአፈ ታሪክ ይነገራል፤ እንዲህ ያሉትም «የዱቄት ፍሬዘሮች» እየተባሉ ይቀለድባቸው ነበር። ታሪኩ እንደ ተነገረው ይሁን አይሁን፣ ቀልዱ ራሱ አንድ ነገር ያስረዳል። የአገሩ ሰው ስም ያለው ሁሉ ዘመድ እንዳልሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

የጎሣዎች ኅብረትም ይህንኑ ያሳያል። ክላን ቻታን የሚባለው ኅብረት ማኪንቶሾችን፣ ማክፈርሰኖችን፣ ማክቢኖችን፣ ሾዎችን፣ ማክጊሊቭሬዮችንና ሌሎችንም ያቀፈ ነበር። በ1609 እነዚህ ልዩ ልዩ ስም ያላቸው ወገኖች የማኪንቶሹን አለቃ መሪያቸው አድርገው በጽሑፍ ተማማሉ። ስም አንድ ሳይሆን ጎሣ አንድ ሆነ ማለት ነው።

የትውልድ ሐረግ ጸሐፊዎችም ሐረጉን እንደ ዘመኑ ፖለቲካ ያስተካክሉት ነበር። ካምቤሎች በአንድ ወቅት ከጥንቱ የብሪታንያ ንጉሥ ከአርተር እንወለዳለን ይሉ ነበር። በሌላ ወቅት ደግሞ ስማቸውን «መልካም ሜዳ» ወደሚል የላቲን ቃል ለውጠው ከኖርማን ባላባት የወረዱ አስመሰሉ። «ጠማማ አፍ» የሚለውን የጌሊክ ቅጽል ስም ግን የአገሩ ሰው አልረሳውም።

ሠ. የተከለከለ ስም፤ የማክግሬጎሮች ታሪክ

እስካሁን ያልነው ስም በፈቃድ እንዴት እንደሚያዝ ነው። በግድ እንዴት እንደሚጣል ደግሞ የማክግሬጎሮች ታሪክ ያስረዳል።

የማክግሬጎሮች ጥንታዊ መቀመጫ ግሌንኦርኪ የሚባለው ሸለቆና አካባቢው ነበር። በመሬቱ ላይ ከአባቶቻቸው ጀምሮ ቢኖሩም የንጉሥ ማኅተም ያለበት ጽሑፍ በእጃቸው አልነበረም። ጽሑፉን ጎረቤቶቻቸው ካምቤሎች እያገኙ ሄዱ። በዚህ ጊዜ ሁለት የርስት አስተሳሰቦች ተጋጩ። በጌሊክ «ዱቻስ» የሚባለው አባቶች የኖሩበትንና ያለሙትን መሬት ልጆች በመኖራቸው ብቻ ይገባቸዋል የሚል ነው። «ኦይሬክድ» የሚባለው ግን በጽሑፍና በሕግ የሚተላለፈው ውርስ ነው። ፍርድ ቤቱ የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ስለ ነበረ፣ ማክግሬጎሮች በአባቶቻቸው አገር መሬት የለሽ ሆኑ፤ ከዚያም በዘረፋና በደም መመላለስ ይታወቁ ጀመር።

በየካቲት 7 ቀን 1603 በግሌን ፍሩን ከኮልኩሁኖች ጋር ተዋግተው ብዙ ሰው ገደሉ። ንጉሥ ጄምስ 6ኛ የእንግሊዝን ዘውድ ለመቀበል ወደ ለንደን ሊነሣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሚያዝያ 3 ቀን፣ ምክር ቤቱ የማክግሬጎር ስም ፈጽሞ እንዲጠፋ ወሰነ። ስሙን የያዘ ሁሉ ሌላ ስም እንዲወስድ፣ እምቢ ያለ በሞት እንዲቀጣ ታዘዘ። አለቃቸው የግሌንስትሬው አላስተር በጥር 1604 በኤዲንበርግ ተሰቀለ። በ1617 ፓርላማው ውሳኔውን አጸና። በ1633 ደግሞ ቄስ ማንንም ወንድ ልጅ ግሬጎር ብሎ እንዳያጠምቅ፣ ጸሐፊም በዚህ ስም ውል እንዳይጽፍ ተከለከለ።

የዚህን ትእዛዝ ክብደት ማስተዋል ይገባል። በዚያ አገር ስም የሌለው ሰው መዋዋል፣ መውረስና መክሰስ አይችልም ነበር። የጥምቀትን ስም መከልከልም ቅጣቱን ከወላጅ ወደ ሕፃን ያሻግረዋል። መንግሥት ስምን በማጥፋት ጎሣውን ለማጥፋት የተነሣው፣ ጎሣው የሚቈመው በስም መሆኑን ስላወቀ ነው።

ውጤቱ ግን እንደ ታሰበው አልሆነም። ማክግሬጎሮች ድራመንድ፣ መሪ፣ ግራንት፣ ስቱዋርት፣ ካምቤል ተባሉ። ብዙዎቹ የገዛ ጠላቶቻቸውን ስም ያዙ፤ በቤታቸው ግን ማን እንደ ሆኑ ያውቁ ነበር። ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ በ1661 እገዳውን አነሣ፤ በ1693 በንጉሥ ዊልያም ዘመን ተመለሰ። በዚህ በሁለተኛው እገዳ ዘመን የነበረው ዝነኛው ሮብ ሮይ ማክግሬጎር፣ ከ1671 እስከ 1734 የኖረው፣ የእናቱን ቤት ስም ወስዶ ካምቤል ይባል ነበር። እገዳው ለመጨረሻ ጊዜ የተሻረው በ1774 በተከፈተው የፓርላማ ጉባኤ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላ 826 የማክግሬጎር ሰዎች በፊርማቸው የላንሪኩን ጆን መሪን አለቃችን ነው ብለው አጸኑ። ይህ ቤት ማክግሬጎር የሚለውን ስም በመንግሥት ፈቃድ የመለሰው በ1822 ነው።

እንግዲህ ከእገዳው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው 170 ዓመት ያህል አልፎአል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከስድስት ወይም ከሰባት ትውልድ የማያንስ ሌላ ስም ይዞ ኖሮአል። አንዳንዱ እገዳው ሲነሣ ወደ ጥንቱ ስም ተመለሰ፤ አንዳንዱ በያዘው ስም ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ድራመንድ የሚባለው ሰው በደሙ ማክግሬጎር ሊሆን ይችላል። ይህን ሊወስን የሚችል በስሙ ውስጥ አንዳችም ነገር የለም።

ረ. ጎሣው ካለፈ በኋላ ስለ ቀረው ስም

በሚያዝያ 16 ቀን 1746 በከሎደን የስቱዋርቶች ደጋፊ የነበረው ጦር ድል ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ የተራራማውን ሕዝብ ልብስ ከለከለ፤ ይህ ክልከላ የተነሣው በ1782 ነው። በ1747 ደግሞ አለቆች በሰዎቻቸው ላይ የነበራቸው የመፍረድ ሥልጣን ተሻረ። ሠራዊት ማሰባሰብና መፍረድ ሲቀር፣ አለቃው ተራ የመሬት ጌታ ሆነ። ከብዙ ተከታይ ይልቅ ብዙ በግ ይጠቅመው ጀመር። በሰዘርላንድ፣ በተለይም በ1814 በስትራዝኔቨር ሸለቆ እንደ ተደረገው፣ ገበሬዎች ከአባቶቻቸው መሬት ተነሥተው ወደ ባሕር ዳርና ወደ ባሕር ማዶ ሄዱ። ዱቻስ የሚሉት መብት በማንኛውም ፍርድ ቤት አልተሰማላቸውም። ከጎሣው ሀብት ሁሉ ይዘውት የሄዱት ስሙን ብቻ ነበር።

ዛሬ የጎሣ ባህል እየተባለ የሚታየው አብዛኛው ነገር የተሠራው ከዚህ መፍረስ በኋላ ነው። ታርታን የሚባለው የመስቀለኛ ጥለት ሱፍ በእውነት ጥንታዊ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ጎሣ የራሱ የተለየ ጥለት አለው የሚለው ሥርዐት የ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ከከሎደን ጦርነት ዘመን አካባቢ ዴቪድ ሞሪየር በሳለው ሥዕል አንድ ተዋጊ ብቻውን ልዩ ልዩ ጥለት ለብሶ ይታያል። በ1815 በለንደን የነበረው የተራራማው አገር ማኅበር አለቆቹ የየጎሣቸውን ጥለት ናሙና እንዲልኩ ጠየቀ። በ1822 ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤዲንበርግን ሲጐበኝ፣ ደራሲው ዋልተር ስኮት ባዘጋጀው በዓል ባላባቶች ሁሉ በታርታን ቀረቡ፤ በባኖክበርን የነበሩት የዊልሰን ሸማኔዎችም ሥራ በዛላቸው። ሶቢየስኪ ስቱዋርት እንባላለን ያሉ ሁለት ወንድማማቾች በ1842 ጥንታዊ የጥለት መጽሐፍ ነው ብለው ያሳተሙት ሥራ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኝቶአል። እንዲህም ሆኖ በዚያ የተዘረዘሩት ጥለቶች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይለበሳሉ።

በዚሁ ዘመን የራሳቸው ጎሣ የሌላቸውን የቤተ ሰብ ስሞች ወደ ታላላቆቹ ጎሣዎች የሚመድቡ ዝርዝሮች ወጡ፤ በ1908 የታተመው የፍራንክ አዳም መጽሐፍ ከእነዚህ አንዱ ነው። በዚህ ዝርዝር መሠረት በሁሉም አገር የሚገኝ የቀጥቃጭ ወይም የአናጢ ስም በአንድ ጎሣ ሥር ይመደባል። ለልብስ ሻጩ ይህ ይመቻል፤ ለታሪክ ጸሐፊው ግን ማስረጃ አይሆንም። በ1946 ጆርጅ ብላክ ያሳተሙት የስኮትላንድ የቤተ ሰብ ስሞች መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ስም በሰነድ የታየበትን ዓመትና ቦታ ስለሚጠቅስ እስከ ዛሬ ለተመራማሪ ዋና መሣሪያ ነው።

ሰ. የቅርቡ ዘመን ምርመራና መደምደሚያ

በቅርቡ ዘመን ሌላ ዓይነት ማስረጃ ተጨምሮአል። በሰው ሰውነት ውስጥ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ «ዋይ» የሚባል ክሮሞሶም አለ። የቤተ ሰብ ስምም ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ሁለቱን ማነጻጸር ይቻላል። የኦክስፎርዱ ሊቅ ብራያን ሳይክስ በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከሶመርሌድ እንወርዳለን የሚሉት የማክዶናልድና የማክአሊስተር ጎሣዎች አለቆች በእርግጥ አንድ የወንድ ሐረግ እንደሚጋሩ አሳይተዋል። በአፈ ታሪክ ሶመርሌድ ከአየርላንድ ነገሥታት ይወለዳል ይባል ነበር፤ የተገኘው ምልክት ግን የኖርዌይን ዓይነት የሚመስል ነው። ከተመረመሩት ተራ ማክዶናልዶች መካከል ይህን ሐረግ የያዙት ጥቂቱ ክፍል ብቻ ናቸው። በዚህ ምርመራ የአለቆቹ ሐረግ እውነተኛ ሆኖ ተገኝቶአል፤ የጎሣው ሁሉ አንድ አባትነት ግን አልተገኘም። የቀሩት ማክዶናልዶች አባቶች ስሙን ያገኙት በማደር፣ በመጠጋት፣ በቃል ኪዳን ወይም በእናት በኩል ነው።

ከዚህ ሁሉ ለትውልድ ሐረግ ተመራማሪ ሦስት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ስም የተያዘበትን ዘመንና ቦታ በሰነድ ሳያረጋግጡ ከስም ወደ ዘር መሻገር አይገባም። ሁለተኛ፣ የአለቃው ሐረግና የተከታዮቹ ሐረግ ተለያይተው መጠናት አለባቸው፤ የመጀመሪያው በጽሑፍ የተጠበቀ ሲሆን ሁለተኛው በብዙ መንገድ የተሰበሰበ ነውና። ሦስተኛ፣ በሐረግ ቈጠራ ውስጥ የተገኘ የታሪክ ስሕተት ራሱ ማስረጃ ነው። ካምቤሎች አንድ ጊዜ አርተርን፣ ሌላ ጊዜ ኖርማንን አባት ማድረጋቸው ስለ አባታቸው ምንም አይነግረንም፤ በየዘመኑ ከማን ጋር ሊቈጠሩ እንደ ፈለጉ ግን በግልጽ ይነግረናል።

በባሕር ማዶ የሚኖር ማክግሬጎር ወይም ፍሬዘር የአባቶቹን አገር ፍለጋ ወደ ስኮትላንድ ሲመጣ፣ ስምህ ዘርህን አያረጋግጥም ቢሉት ቅርሱን እንደ ነጠቁት ሊሰማው ይችላል። በእውነቱ ግን የተነጠቀ ነገር የለም። ከአባቶቹ አንዱ በክፉ ቀን ለአንድ አለቃ አድሮ በዚያ ስም ሊጠራ ተስማምቶአል፤ ወይም ስሙ ሞት በሚያስፈርድበት ዘመን ለልጆቹ በጓዳ ነግሮ አቈይቶላቸዋል። ደም ያለ ማንም ፈቃድ ይወረሳል፤ እንዲህ ያለው ስም ግን በሰው ፈቃድና በሰው ድፍረት የተጠበቀ ስለ ሆነ፣ በሰነድ እየተመረመረ ቢጠና ለባለቤቱም ለታሪክም ክብሩ አይጐድልበትም።